ጓሮ የሌለው ቤት

ከአሜሪካ ከተመለስኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው፤ የጉለሌ ሰው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ለቅሶ ቤት ስቀመጥ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም፣ ጸጉሬን ስስተካከል፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እንዴት ነው አሜሪካ?» ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ባወራላቸው ይበቃቸው ነበር። እኔ ግን አርባ ዓመት ሕንፃ ሳሠራ የኖርኩ ፎርማን ነኝ፤ ፎቅ አያስደንቀኝም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በየሄድኩበት ደጋግሜ ከማወራው አንዴ ልጻፈውና የጠየቀኝ ሁሉ ያንብበው ብዬ ይኸው ጀመርኩ።

የሄድኩት ልጄን ትርሲትን ለመጠየቅ ነው። ትርሲት ዲቪ ደርሷት ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን ጋር አጥር ለአጥር በምትገናኝ ከተማ ሲሆን፣ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ሥራ ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለናት እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ብቻ ነን። ጌታሁን ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ የሊሞ ሹፌር ነው።

ልጠይቃት አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ካወራን የሄድኩት እንቢ ልል ነው። ትርሲት ባለፈው ዓመት ደውላ፣ ናቪድ የሚባል ሰው ሊያገባት እንደሚፈልግ ነግራኝ ነበር። ቤተሰቡ ከኢራን የመጣ ነው፤ ሃይማኖቱ ባሃኢ ነው። እኔ ባሃኢ የሚባል ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጌታሁንን ብጠይቀው፣ አንድ አምላክ ነው የሚያመልኩት፣ የሃይማኖት ሁሉ ምንጭ አንድ ነው ይላሉ፣ ቄስ የላቸውም አለኝ። ቄስ የላቸውም ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። ይበልጥ የደነገጥኩት ግን ቀጥሎ በነገረኝ ነው። በእነሱ ሕግ ሙሽሮቹ የቱንም ያህል ቢጎለምሱ፣ በሁለቱም ወገን በሕይወት ያሉ ወላጆች ሁሉ ወደው ካልፈቀዱ ጋብቻ የለም። የወላጆቹ ሃይማኖት ምንም ይሁን ምን።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ልጅ አባቱን አያስፈቅድም፤ ኢንቫይት ነው የሚያደርገው» አለኝ ጌታሁን። «ይሄ ሰውዬ ግን ያንተን ቃል እየጠበቀ ነው። እንቢ ካልክ አለቀ።»

የራሴ ወገን ያልሰጠኝን ሥልጣን የማላውቀው ሃይማኖት ሰጠኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን እንዳይወርሰኝ ቆርጬ ተነሳሁ። እንቢታዬን ምክንያት ላበጅለት ስለፈለግኩ፣ ሰውዬው የሚጸልይበትን ቤት በዓይኔ ሳላይ መልስ አልሰጥም አልኩ። ቤት ማየት ሙያዬ ነው፤ እንከን የሌለው ቤት ደግሞ ገና አልተሠራም። በአገሩ ሁሉ ያላቸው እንዲህ ያለ ቤተ ጸሎት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቺካጎ አጠገብ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የአሥራ ሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ። ይህን ሲሰማ ይተወዋል ብዬ ነበር። ናቪድ የጠየቀው መቼ እንደምንነሳ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ናቪድ ዊተን ካለው ቤቱ መጥቶ የትርሲት አፓርታማ በር ላይ ቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነው የውኃ መሐንዲስ ነው። በሥራው እንኳ እንከን እንዳላወጣለት ሙያው ከእኔው ሙያ የሚጎራበት ሆነብኝ። ለወገቤ ትራስ ይዞ መጥቷል። ልጄን ከኋላ አስቀምጬ እኔ ጋቢና ገባሁ፤ በመሃላቸው ድንበር መሆኔ ነው።

ሜሪላንድን ለቅቀን ተራራው ሲጀምር ጣርማ በርን የምናልፍ መሰለኝ። ግን መንገድ ዳር ሰው የለም። ሰዓታት ሙሉ ሄደን አንድ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ አንድ ፍየል፣ አንድ በቆሎ የሚጠብስ አላየሁም። እኛ አገር መንገድ ማለት ሰው ነው፤ እዚያ መንገድ ማለት መንገድ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ትርሲትን ሰዉ የት ሄዶ ነው ብዬ ጠየቅኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ ላይ ነው አለችኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበርና እኔም ልጄም እየጾምን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኦሃዮ ውስጥ አንድ የመንገድ ምግብ ቤት ገባን። የባቄላ ሾርባ አለ ተባለ፤ እፎይ ብዬ ማንኪያዬን ስከት የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ተንሳፍፎ ወጣ። ክው ብዬ ማንኪያውን አስቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ባቄላ አልከዳኝም። ናቪድ ተነስቶ ወጥ ቤቱ ድረስ ሄዶ አስረዳ፤ ድንቹም ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት እንደሚጠበስ አጣርቶ መጣ። ከዚያ ሌላ ከተማ ድረስ ነድቶ በሩዝና በአትክልት ብቻ የሚሠራ አንድ የሕንዶች ቤት አገኘልን።

እዚያ ስንበላ ነው ናቪድም ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ የነቃሁት። ለምን አልበላም ብዬ በትርሲት አስጠየቅኩት። አባትሽ ሳይበላ እኔ እየነዳሁ ባኝክ ያስከፋል አለ። ተናደድኩ። የእኔን ጾም እንዲጾም ማን ጋበዘው? እንቢ ልለው የመጣሁት ሰው ደግ ሲሆንብኝ ሥራዬን ያበላሸብኛል። ለትርሲት፣ ነገ ቁርሱን ይብላ ብለሽ ንገሪው አልኳት።

ያደርነው መንገድ ዳር ባለ ሞቴል ነው። ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ልጸልይ መኪና ማቆሚያው ላይ ስወጣ በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ፤ ቁልፍ የሚሉት ካርድ ውስጥ ቀርቷል። በባዶ እግሬ፣ በነጭ ነጠላ፣ መኪና መሃል የቆምኩ ሽማግሌ ሆንኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ሴትዮ አይታኝ መጣች፤ ጸሎቴን እስክጨርስ ዳር ቆማ ጠበቀችና በሩን ከፈተችልኝ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ እኔ ቁርበት ሳልጠይቅ ነው ያነጠፉልኝ።

ዓርብ

ኢንዲያና ሜዳ ነው፤ በቆሎ፣ ከበቆሎው ኋላ ደግሞ በቆሎ። ቺካጎን ከሩቅ አይተን በሐይቁ ዳር አልፈን ወደ ሰሜን ወጣን። ሐይቁ ጣናን ደህና አድርጎ ያስንቃል፤ ማዶው አይታይም። የምናድረው ሚስ ሉሲል ከሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ባሃኢ ናቸው፣ የናቪድን ቤተሰብ ከድሮ ያውቃሉ።

ሚስ ሉሲል እንደምንጾም ተነግሯቸው ምስር ሠርተው ጠበቁን። ሥጋ የለውም፣ እንቁላል የለውም ብለው እያንዳንዱን ነገር እየቆጠሩ ነገሩን። ጎረስኩ፤ ምስሩ በቅቤ ነው ያበደው። ትርሲት ፊቴን አይታ ገባት፤ አንገቷን ደፋች። ምን ላድርግ? ልትፋው አልችልም፣ ልውጠው አልችልም፤ ፍልሰታ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለፉበት ነው። በመጨረሻ በሶፍት አውጥቼ፣ በምችላት የሳይት እንግሊዝኛ ቅቤ አይሆንልንም አልኳቸው።

ሚስ ሉሲል አፋቸውን ያዙ። ይቅርታ ሲሉኝ እኔም ይቅርታ ስል ቆየን። ከዚያ ድስቱን አንስተው ወጥ ቤት ገቡና እንደገና ጀመሩ። እንርዳዎት ብንል አልሰማ አሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምስሩን በዘይት ሠርተው መጡ፤ እኛ እስክንበላም እሳቸው አልቀመሱም። የጥንቷ አክስቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ። በአክስቴ ቤት ግን የሌላ እምነት ሰው ለብቻው ሳህን ይቀርብለት እንደነበር ትዝ አለኝና አንገቴን ደፍቼ መጉረሴን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ

ቤተ ጸሎቱ ከሐይቁ ፊት ለፊት፣ ዛፎች መሃል ቆሟል። መጀመሪያ ያየሁት ጉልላቱን ነው። ነጭ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥልፍ ተፈልፍሏል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ከየት መጡ ብዬ ጠየቅኩ። ናቪድ ድንጋይ አይደለም፣ ሲሚንቶ ነው አለ። ትዋሻለህ አልኩት። ተጠግቼ ግድግዳውን በጥፍሬ ፋቅኩት፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ መጋጠሚያውን ዳሰስኩ። ሲሚንቶ ነው። ነጭ ሲሚንቶ ከተፈጨ ኳርትዝ ጋር ተለውሶ፣ በቅርጽ ተሞልቶ ወጥቷል። በሲሚንቶ አንድ ደረጃ ቀጥ አድርጎ ለማውጣት ከግንበኛ ጋር ስንት ዓመት የተጨቃጨቅኩ ሰው፣ እዚያው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ትርሲት ያመመኝ መስሏት ነበር።

ከዚያ ዘጠኝ ጎን እንዳለው አየሁ፤ በየጎኑ አንድ በር፣ በየበሩ ፊት አንድ አትክልት። ሙያዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ባለቤት የቤቱን ፊት ያያል፣ ፎርማን ጓሮውን ያውቃል። የተጣመመ ቧንቧ፣ ያልተለሰነ ግድግዳ፣ የተረፈ ብሎኬት፣ የሚታፈርበት ሁሉ ጓሮ ነው ያለው። የፈለግኩት እንከን እዚያ ይገኛል ብዬ መዞር ጀመርኩ። አንዴ ዞርኩ፤ ሁሉም ፊት ነው። ዓይኔ ነው ብዬ ደገምኩ። ሦስተኛ ስዞር ናቪድ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ጓሮው የት ነው አልኩት። የለውም አለ። ጓሮ የሌለው ቤት አይቼ አላውቅም፤ የት ላይ እንደምይዘው ጠፋኝ።

በር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ጫማዬን አወለቅኩ። ትርሲት እዚህ አያስፈልግም አባዬ ብትለኝ፣ የእግዚአብሔር ስም ይጠራበታል ብላችሁኛል አይደል አልኳት። እሷም አፍራ አወለቀች፤ ናቪድም አየንና አወለቀ። የወንዶች በር በየት ነው ብዬ ስጠይቅ ዘጠኙም የሁሉም ነው አሉኝ፤ ወንድና ሴት ተቀላቅለው በፈለጉት ይገባሉ። ክርስቲያን ነህ ወይ፣ ከየት መጣህ፣ ንጹሕ ነህ ወይ የሚል የለም። ጥምጣም ያደረገ ሰው ከፊቴ ገባ፣ ሂጃብ የለበሰች ሴት ልጆቿን ይዛ ከኋላዬ ገባች። የአስተናጋጆቹ ሥራ ፈገግ ማለትና ዝም እንድንል ምልክት መስጠት ብቻ ነው። የምጽዋት ሣጥን ፈለግኩ፤ አጣሁ። ከእምነቱ ተከታይ በቀር ከማንም እንደማይቀበሉ ናቪድ በሹክሹክታ ነገረኝ። ገንዘቤን እንቢ ያለ የጸሎት ቤት ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ውስጡ ባዶ ነው ብል ይቀላል። ወንበር አለ፣ ማንበቢያ አትሮንስ አለ። ሥዕል የለም፣ ከበሮ የለም፣ መጋረጃ የለም። አንዲት ልጅ ተነስታ አጭር ጸሎት አነበበችና ተቀመጠች፤ የሚሰብክ አልመጣም። ከውጭ ምሰሶው ላይ መስቀል ተፈልፍሎ አይቼ ልሳለመው ቀርቤ ነበር፤ ቀና ስል እዚያው ምሰሶ ላይ ጨረቃና ኮከብ፣ የዳዊት ኮከብም አለ። እንደ ሌባ እጄን ሰብስቤ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ከጉልላቱ እምብርት ላይ በዓረብ ፊደል የተጻፈ ነገር ከአናቴ በላይ ያየኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር መናገር አለብኝ። ሰፈራችን ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራሁት እኔ ነኝ። የመቅደሱን ጣሪያ ስንመታ የመጨረሻዋን ምስማር በእጄ መትቻለሁ። ጳጳሱ ባርከው ታቦቱ ከገባ ቀን ጀምሮ ግን ካህን አይደለሁምና መጋረጃውን አልፌ አላውቅም። በእጄ የሠራሁት ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ ተዘግቶብኛል፤ በዚህም እኮራለሁ። የማልገባበት ስፍራ መኖሩ ነው ለእኔ ቤቱን የእግዚአብሔር ቤት የሚያደርገው።

እና እዚያ ጉልላት ሥር፣ በቤቱ መካከል፣ በካልሲዬ ቆሜ የማልገባበትን ስፍራ ፈለግኩ። ብፈልግ ብፈልግ የለም። ይህ ቦታ በእኛ ቤት ቢሆን የቆምኩት መቅደሱ ውስጥ ነው። ይህ ሲገባኝ ሮጬ ልወጣ ነበር። ትርሲትን ያዝኳትና አስተናጋጁን፣ «እኔ መግባት የማይፈቀድልኝ የት ነው?» ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። አስተናጋጁ ጥያቄውን ደግማ እንድትነግረው አደረገ። ከዚያ ለኔ በቀስታ እንዲህ አለኝ፤ «የለም፣ ጌታዬ። የፈለጉበት ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ውዳሴ ማርያሜን በልቤ ደገምኩ፤ የከለከለኝ የለም። ወደድኩት ብዬ አልዋሽም። ከድንጋጤዬም ዛሬ ድረስ አልወጣሁም። እኔ የመጋረጃ ሰው ነኝ፣ መጋረጃ ያለው ቤት ውስጥ እቀበራለሁ። ነገር ግን ልጄን የሚሰውሩበት ጓዳ ቢኖር ኖሮ ያ ቤት ውስጥ አገኘው እንደነበር አውቃለሁ፤ ጓዳ ማግኘት ሥራዬ ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ሠላሳ ጥንድ ያህል ጫማ ተደርድሯል። ከኋላችን በአውቶቡስ የመጡ ጎብኚዎች የእኛን ጫማ አይተው ሥርዓቱ መስሏቸው ሁሉም አውልቀዋል። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጫማ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ የእኔን አጥልቆ ወደ አትክልቱ ሲሄድ ናቪድ በካልሲው ሮጦ ደረሰበት። በዚያ ጉዞ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከልጁ ጋር አብሬ መሳቄን የነቃሁት ስቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

እሑድ

ቅዳሴ ቀረብኝ፤ በጨለማ ተነስተን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ጀመርን። ሚስ ሉሲል ያለ ቅቤ የተጋገረ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውናል።

ፔንሲልቫንያ ውስጥ ናቪድ ነዳጅ ሲሞላ እኔና ትርሲት ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቃሉን በአፌ ማውጣት ከበደኝና በዘዴ ጀመርኩ። ሠርግ በጾም አይሆንም፣ ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ግን ደህና ነው አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ልጄ አለቀሰች። ምን ሆንሽ አልኳት።

«አባዬ፣ አንተ ብቻ አይደለህም» አለችኝ። «ማዘሩ እንቢ ብላለች። ዋን ይር ሆኗታል።»

የናቪድ አባት ሞተዋል፤ እናቱ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ባሃኢ ናቸው፤ ሕጉ ለልጃቸው የሚያዘውን ሁሉ ያውቃሉ፤ ልጃቸው የእኛን ልጅ እንዲያገባ ግን አልፈቀዱም። ደሜ ፈላ። ልጄ ምን ጎድሏት ነው? እኔ እንቢ ልል ውቅያኖስ ተሻግሬ ስመጣ፣ ለካ ከእኔ በፊት እኛን እንቢ ያለ ሰው ነበር። ዘጠኝ በር ከፍተው አንዷን ልጄን አላስገባ አሉ ማለት ነው።

ተነስቼ ናቪድን ከነዳጅ መቅጃው አጠገብ ያዝኩት፤ ለምን ደበቅከኝ አልኩት። እንዳልገፋህ ነው አለኝ በትርሲት በኩል፤ የእናቴን እንቢታ ሰምተህ በቁጣ እንቢ እንዳትል፣ ወይም በእልህ እሺ እንዳትል። ፍርድ ቤት ሄዳችሁ መፈራረም አትችሉም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ይቻላል፤ ግን እናቴ ሳትፈቅድ አላደርገውም አለ። ያ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቀሪውን መንገድ ጋቢናውን ለልጄ ለቅቄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ሠርጉ ግን ሌላ ቃል አልተነፈስኩም፤ ተንቀናልና ልለምን አይደለሁም ብዬ።

ሰኞ

ጌታሁን ቤት አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። እሱ ነው ነገሩን ያነሳው። «ጋሼ፣ አገር ቤት ቢሆን ማን ነበር የሚፈታው?» አለኝ። ሽማግሌ ነዋ አልኩት፤ ሽማግሌ የሚልከው ግን የወንዱ ወገን ነው። ሴት ልጅ ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠበቃል እንጂ ለልጁ ባል ልመና ይወጣል ወይ? አያቴ ቢሰማ ከመቃብር ይነሳል። ልጄ ፔንሲልቫንያ ላይ ያለቀሰችው ለቅሶ ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ሱፌን አውጣልኝ አልኩት።

ሽማግሌ ሲሆን ሦስት ነው፤ ሦስተኛው የጌታሁን ጓደኛ ነበር፣ በመጨረሻው ሰዓት ሺፍት ገባሁ ብሎ ደወለ። ሁለታችን ሄድን። ትርሲት ልትተረጉምልን ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣች፤ ናቪድ በሩን ከፈተልን።

የናቪድ እናት አጠር ያሉ፣ ሽበታቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ ሴት ናቸው። ሻይ በብርጭቆ፣ ፍራፍሬ በሳህን ደርድረው ጠበቁን። እንድንቀመጥ ሲያመለክቱን ባለንበት ቆምን።

«ንገሪያቸው» አልኳት ትርሲትን። «በእኛ አገር ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ተቀመጡ የሚሉን የፈቀዱ እንደሆነ ብቻ ነው።»

ሰሙና የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። እንግዳ ቆሞ መቀመጥ በእነሱም ነውር ነው መሰለኝ እሳቸውም ቆሙ። አምስታችን በአንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ተፋጠን ቆምን። ሻዩ ቀዘቀዘ። ወገቤ ይወጋኛል። ለምን እንደከለከሉ እንዲነግሩኝ ጠየቅኩ፤ ሕጋቸው ምክንያት ንገሩ ብሎ እንደማያስገድዳቸው አውቃለሁ፣ ግን አባት ነኝ አልኩ።

በእንግሊዝኛ ተናገሩ። «ካገሬ በሃይማኖቴ ምክንያት ስወጣ በአንድ ሻንጣ ነው የወጣሁት። የባሌን መቃብር እንኳ ሳላይ ቀረሁ። ይዤው የወጣሁት ይህን ልጅና እምነቱን ነው። የእናንተ ቤት ግን አጥር አለው፤ የገባ አይወጣም ይባላል። ልጄንም የልጅ ልጆቼንም ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ትርሲት ስትተረጉም ድርቅ አልኩ። አንድ ቃል ሳይጎድል እኔ ጉለሌ ቁጭ ብዬ ስለ እነሱ ያልኩት ነው።

«አጥር አለን፤ አልክድዎትም» አልኩ። «እኔም እዚያው አጥር ውስጥ ነው የምኖረው። ግን ቤታችሁን ሄጄ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ዞሬ ጓሮ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እርስዎ ለልጅዎ የፈሩትን እኔ ለልጄ ፈርቼ ነው የሄድኩት። ፍርሃቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሽም። ልጅዎን ግን አራት ቀን ሙሉ ፈተንኩት፤ የራሱ ያልሆነውን ጾም ጾመልኝ፣ ልማዱ ሳይሆን ጫማውን አወለቀልኝ፤ እናቱን አልፎ አላገባም አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከእርስዎ የሚወሰድ አይመስለኝም።»

ትርሲት ተረጎመች። እናትየው ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

«እርስዎስ?» አሉ። «ለልጄ ፈቅደዋል?»

ጌታሁን አየኝ። ናቪድም ከወጥ ቤቱ በር አየኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የሌላውን ፈቃድ ልለምን በሱፍ መጥቼ የራሴን ለማንም አልሰጠሁም። ለልጄም፣ ለወንድሜም አልተናገርኩም። አምስት ቀን ሙሉ በጥርሴ ይዤው ነበር።

«ፈቅጃለሁ» አልኩ።

ትርሲት መተርጎም አልቻለችም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በእንግሊዝኛ የነገራቸው ጌታሁን ነው።

የናቪድ እናት ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የእኔን ልጅ አዩ። ዓይናቸውን ጠረጉና ከጠረጴዛው ሥር አንዱን ወንበር በሁለት እጃቸው ጎትተው ወደ እኔ አስጠጉት።

«ተቀመጡ» አሉኝ።